የውሰት ሶፋ

ባለፈው ሰሞን ልጄ ሰናይት ሶፋ አብረን እንድንመርጥ ብላ ቡራዩ ይዛኝ ሄደች። አናጢዎቹ የሠሯቸውን ሶፋዎች ከአስፋልቱ ዳር ደርድረው፣ አቧራ እንዳይነካቸው ከነላስቲካቸው አቁመዋቸዋል። «እስቲ እዚህ ላይ ቁጭ በይ እማ» አለችኝ። ስቀመጥ ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ፤ ከሥሬ የአዲስ ስፖንጅ፣ የኮላና የቫርኒሽ ሽታ ተነሥቶ አፍንጫዬን ሞላው። ሽታው ደስ የሚል ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን ፊቴ ሲግል ተሰማኝ፤ ብድግ ብዬ መንገድ መንገዱን ማየት ጀመርኩ። ሶፋው የተፈለገው የልጅ ልጄን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ስለሚመጡ ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ እኔም አብሬያቸው በምኖርበት ቤት ያለው ሶፋ ደህና ነው፤ አልተቀደደም፣ አልጎደጎደም። ሰናይት ግን «ሰዎቹ እኮ ለገጣፎ ቪላ ያላቸው ናቸው እማ። በዚያ ሶፋ ላይ ላስቀምጣቸው?» አለችኝ። ይህን ስትል አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። እኔም የእሷ ዕድሜ ላይ ሳልደርስ ይህንኑ፣ በዚሁ ድምፅ ለእናቴ ብያት ነበር።

ሰበታ ያን ጊዜ በጂማ መንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ቤቶች፣ ጥቂት ፋብሪካዎች፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበረች። ጠዋት የፋብሪካው ጡሩንባ ሲነፋ ሠራተኛው ምሳውን በፌስታል ሳይሆን በጨርቅ ቋጥሮ ይጎርፋል፤ የፈረስ ጋሪው፣ ከተጂ እህል ጭኖ የሚመጣው መኪና፣ ቅቤ ይዘው ገበያ የሚወርዱት ሴቶች መንገዱን ይሻሙበታል። ቤታችን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ወንዙ አጠገብ ነበር። አባቴን ሰው ኦቦ ደበላ ይለዋል፤ ያርሳል። እናቴ ወርቅነሽ ደግሞ የሁለት ላሞቿን ወተት አስፋልት ዳር ላሉት ምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ከአባቴ ጋር በኦሮምኛ ጀምረን በአማርኛ እንጨርሳለን፤ ከእናቴ ጋር ደግሞ እንዳመጣልን። የቤታችን ትልቁ ዕቃ፣ ዕቃ ከተባለ፣ መደባችን ነበር። አባቴ ሲያገባ በገዛ እጁ ከድንጋይና ከጭቃ ሠርቶ፣ ከግድግዳው ጋር አያይዞ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ያቆመው ነው። እናቴ በየሳምንቱ ትለቀልቀዋለች፤ አጎዛ ይነጠፍበታል። የመጣ ሰው ሁሉ፣ ለማኝም ይሁን ዳኛ፣ አባቴ በቀኝ እጁ መደቡን መታ መታ እያደረገ «ኮቱ ታኢ» ይለዋል፣ ና ተቀመጥ ነው። ያን ሲል ፊቱ ላይ የማየውን ኩራት ያኔ አላወቅሁለትም።

እኔ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ሆኜ የጽሕፈት መኪና ተማርኩና አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ዘመኑ የአፍሮና የቤልቦተም ነው። ሱሪው ከታች መሬት ይጠርጋል፤ ጫማው ደግሞ ባለ ወፍራም ሶል፣ ዝናብ ሲሆን እንደ ድልድይ የሚያሻግር። መጀመሪያ የገዛሁት ነገር ታኮ ጫማ ነው፤ እግሬን ልጦኝ እያነከስኩ እንኳ አላወልቀውም። ቢሯችን ውስጥ ያሉት ሴቶች ሰኞ ሰኞ የሚያወሩት ማን ምን እንደገዛ ነው፦ ማን ቴፕ አመጣ፣ ማን ቡፌ አስገባ፣ የማን እጮኛ ባለ መኪና ነው። እኔም ውሎ አድሮ የምናገረው ነገር አገኘሁ። ታደለ የሚባል የሌላ ክፍል ሠራተኛ እሁድ እሁድ በነጭ ቮልስ እየመጣ ፒያሳ ኬክ ይጋብዘኝ ጀመር። መኪናዋ የእኔ ናት ብሎ አያውቅም፤ የእኔ አይደለችም ብሎም አያውቅም። ረጋ ያለ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነበር። አንድ ቀን እኅቱ ቤት ወሰደኝ። ሶፋው ወይን ጠጅ ከፋይ፣ ክንዶቹ ላይ ነጭ ዳንቴል የለበሰ፤ ቡፌው ውስጥ ማንም የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። እጄን የት እንደማስቀምጠው ጠፍቶኝ ጉልበቴ ላይ እንደያዝኩት ዋልኩ። እዚያ ሆኜ የማስበው መደባችንን ነው።

ታደለ ሽማግሌ እልካለሁ ሲለኝ ቅዳሜውን ሰበታ ሄድኩ። እናቴ ወተት ስትለካ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ሰው ሊመጣ ነው። ሽማግሌ።»

«እሰይ ልጄ። የማን ልጅ ነው?»

«የአዲስ አበባ ልጅ ነው። መኪና አለው» አልኳት። ከስሙ በፊት መኪናውን ነገርኳት። ቀጥዬም «በዚህ መደብ ላይ ልናስቀምጣቸው ነው?» አልኩ።

እናቴ ቀና ብላ መደቡን አየችው፤ ብዙ ዓመት የለቀለቀችውን ነገር እንደ አዲስ አየችው። ከዚያ ጣሳውን አስቀምጣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «እትዬ ጥሩነሽን ልጠይቃት?» አለች። እትዬ ጥሩነሽ ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከሰፈሩ ሶፋና ራዲዮግራም ያላት እሷ ብቻ። ክፉ ሴት አልነበረችም። ገና ሲነገራት «ምን ችግር አለው፣ ለልጃችን አይደል?» ብላ እሺ አለች። ችግሩ ሶፋው ረጅም ሆነና መደቡ እያለ ቤታችን አልገባ አለ። አባቴ ከማሳ ሲመለስ እናቴ በለሆሳስ ነገረችው። እኔ በር ላይ ቆሜአለሁ። ወደ እኔ ዞሮ «ኢንተላ ኮ፣ መደቡ ላይ አይቀመጡም?» አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው። መሬት መሬት አየሁ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዶማውን አንሥቶ ከጥጉ ጀመረ። ጭቃው ከዕድሜ ብዛት እንደ ሲሚንቶ ደርቆ ስለነበር እስከ ከሰዓት ለፋ። ድንጋዩን አንድ በአንድ እያወጣ አጥሩ ሥር ከመረው። ግድግዳው ላይ፣ መደቡ ይደርስበት የነበረው ቦታ ያልተለሰነ ስለሆነ፣ ጥቁር መስመር ከዳር እስከ ዳር ቀረ።

ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ሁሉም ነገር አማረ። እትዬ ጥሩነሽ የገዛ ሶፋዋ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጣ «ቤታችሁ ደስ ሲል» አለች፤ እናቴ በሐፍረትና በምስጋና ዓይን አየቻት። ታደለ ሽማግሌዎቹን ያመጣቸው ራሱ ነው፤ እንደ ደንቡ ግን አልገባም፤ መኪናዋ ውስጥ ሆኖ ደጅ ጠበቀ። አባቴ ሊሸኛቸው ሲወጣ ቮልሷን እንደ በቅሎ ከፊት እስከ ኋላ ዞሮ አያት፤ አፍንጫዋን በመዳፉ ዳሰሳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታደለን ባገኘው ቁጥር፣ ስለ ጤናው ከጠየቀ በኋላ «መኪናዋስ ደህና ናት?» ይለዋል፤ ስለ ከብት እንደሚጠየቀው። ታደለም «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። እኔ ያን ጊዜ እስቅ ነበር።

ከሠርጉ በኋላ በነበረው ሰኞ ጠዋት አንድ ሰው በራችንን አንኳኳ። የታደለ ጓደኛ ነው። ቁልፉን ተቀብሎ፣ እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ ቮልሷን አስነሥቶ ሄደ። ታደለ ከበሩ ላይ ዞሮ ሊያየኝ አልቻለም። «የእሱ ናት። ሽማግሌ በአውቶቡስ ይሂድ ወይ ብዬ ነው» አለኝ። አለቀስኩ፤ ተኮሳተርኩ፤ እራት አላቀረብኩም። በሁለተኛው ቀን ይቅር አልኩት። እኔም ልነግረው የሚገባኝ ነገር እንዳለ አልጠፋኝም። ሶፋውም የእኛ አይደለም፣ አንተም ዋሽተሃል እኛም ዋሽተናል፣ በቃ እኩል ነን ብዬው ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። ነገር ግን ይቅር ባይ መሆኑ ጣመኝ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሲለማመጠኝ፣ የእኔ ወገን ምንም ያልጎደለው ሲመስል፣ ያቺን ወንበር መልቀቅ አልፈለግሁም። የሶፋውን ነገር ሳልነግረው ቀረሁ። ለእናቴም የመኪናዋን ነገር አልነገርኳትም፤ ለእሷ ደግሞ ባለ መኪና ያገባች ልጅ መሆን ነበረብኝ። ሁለቱን ወገን የማውቀው እኔ ብቻ ሆኜ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ሰበታ መሄድ ሥራ ሆነ። ሳናስታውቅ አንሄድም፤ ቢያንስ ከሳምንት በፊት በሰው እንልካለን፤ ሶፋው ከእትዬ ጥሩነሽ ቤት በአራት ሰው ሸክም መምጣት አለበትና። ታደለ ይህን ባለጌ እንዳልባል ብዬ የማደርገው ጨዋነት ይመስለው ነበር። ከመርካቶ በስሙኒ አውቶቡስ እንሳፈርና ሰበታ ሳንደርስ ዓለም ገና እንወርዳለን፤ ከአውቶቡስ ስንወርድ የሰፈር ሰው እንዳያየን ነው። ከቦርሳዬ ጨርቅ አውጥቼ ጫማውን እጠርግለታለሁ፣ የእኔንም እጠርጋለሁ፤ ከዚያ ጋሪ ይዘን እንገባለን። ከአንዱ ሻይ ቤት ራዲዮ ስለ ፍቅር ይዘፈናል፤ እኛ መንገድ ዳር ጎንበስ ብለን አቧራ እናራግፋለን። «መኪናዋስ?» ይላል አባቴ። «ጋራዥ ናት» ይላል ታደለ። ያቺ መኪና የታመመችውን ያህል የታመመ ፍጥረት አላውቅም። እናቴ ታደለን አንቱ ትለዋለች፤ «ይደገፉ፣ ይመችዎት» እያለች የሰው ሶፋ ላይ ወጥ እንዳይንጠባጠብ በዓይኗ ትጠብቃለች። አባቴ አንድም ቀን ሶፋው ላይ አልተቀመጠም። በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ሆኖ ያጫውተናል።

አንድ ጊዜ ለሥራ ወደዚያ የሚሄድ መኪና ተገኘና ሳላስታውቅ ብቻዬን ብቅ አልኩ። ቤቱ ባዶ ነው። አባቴ ወለሉ ላይ ጆንያ አንጥፎ ምሳውን ይበላል፤ ከጀርባው ያ ጥቁር መስመር። ሲያየኝ ጉርሻው አፉ ጋ ቀረ፤ ከትከሻዬ በላይ አሻግሮ በሩን አየ። «ብቻሽን ነሽ?» አለኝ። «ብቻዬን ነኝ አባባ።» ያን ጊዜ ትንፋሹን ለቀቀና «እንኳን ደህና መጣሽ» ብሎ ሳመኝ። እኔን በማየቱ ከመደሰቱ በፊት ብቻዬን በመሆኔ እፎይ አለ። መደቡን ለምን መልሰህ አትሠራውም ልለው ፈለግሁ፤ ያፈረሰው በእኔ አፍ መሆኑን ሳስብ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ መሄዱን እያራራቅን መጣን። ብንቀር ይቀልላቸዋል ብዬ ነው። እናቴ ደግሞ፣ ኋላ እንደ ነገረችኝ፣ አማቿ ቤታቸውን የናቀ መስሏት ነበር።

እትዬ ጥሩነሽ ባሏ ወደ ሌላ አገር ተዛወረና ዕቃዋን በጭነት መኪና ጭና ሄደች። ያን ዕለት እናቴ ሶፋው ሲጫን አይታ ድምፅ አውጥታ እንዳለቀሰችና ሰፈሩ በወዳጅነታቸው እንደተደነቀ ሰምቻለሁ። ከዚያ ከላሞቿ አንዷን ሸጠችና ለአንድ አናጢ ሶፋ አዘዘች። እንጨቱ ቶሎ ተሠራ። ስፖንጁ ግን ከመርካቶ የሚመጣ ነው ተብሎ ዛሬ ነገ ሲባል ክረምቱ ገባ። በዚያ ክረምት አባቴ ደረቱን ታመመ። እኛ አልሰማንም። አዲስ አበባና ሰበታ ማለት ከዛሬው ኮዬ ፈጬና መገናኛ የማይርቅ መንገድ ነው፤ ግን አልተላከብንም። ነገሩን ያደረሰልን ኦቦ ገመዳ የሚባል የአባቴ ወዳጅ ነው። እህል ሊሸጥ መጥቶ ታደለን መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። «አማትህ ወድቋል። እኔ መናገሬን እንዳትነግራቸው» ብሎት ሄደ።

ታደለ በሥራ ሰዓት መጥቶ ወሰደኝ። አውቶቡሱ ዓለም ገና ሲቆም እኔ ከልማድ ተነሣሁ፤ ክንዴን ይዞ «ተቀመጪ» አለኝ። ሰበታ መሀል አስፋልት ወረድን፤ በጭቃው ውስጥ በእግራችን ገባን። አባቴ ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጥፎለት ተኝቷል፤ ጉንጩ ገብቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። እናቴ ስታየን እንኳን ደህና መጣችሁ አላለችም። ታደለን አየች፣ ባዶውን ቤት አየች፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ ጆንያ ላይ ልታነጥፍለት ተጣደፈች።

«ስፖንጁ አልደረሰም» አለችኝ። «ስፖንጁ እስኪደርስ ብዬ ነው እንጂ ልልክባችሁ ነበር።»

ታደለ ነጠላዋን አንሥቶ መልሶ ሰጣትና ከአባቴ ራስጌ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ይህን ባዶ ቤት ገና ማየቱ ነው፤ ግድግዳውን አየ፤ እኔን አየኝ፤ ሁሉም ነገር እንደ ገባው ከፊቱ አወቅሁ። አባቴ እጁን ዘርግቶ ያዘውና በደከመ ድምፅ ጤናውን ጠየቀው፤ ሥራውን ጠየቀው፤ ከዚያ እንደ ወትሮው «መኪናዋስ ደህና ናት?» አለው።

«አባባ፣ መኪና የለኝም» አለ ታደለ። «ኖሮኝም አያውቅም። ያቺ የጓደኛዬ ናት። እስከ ዛሬ ዋሽቼዎታለሁ።»

አባቴ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣም። እስከዚያ ቀን አንቱ ይለው የነበረውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለው።

«እኔ ደግሞ መደቤን ያፈረስኩት ለመኪናዋ ብዬ ነው፣ ልጄ። አንተ ብቻህን ብትመጣ አላፈርሰውም ነበር።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሰምታለች። አባቴ የታደለን እጅ እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው። እኔን በስም አልጠራኝም፤ አልወቀሰኝም። ሁለቱ ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ መናገር የነበረብኝ እኔ ግን አሁንም አልተናገርኩም። ጠዋት ታክሲ ተኮናትረን አዲስ አበባ ሐኪም ቤት አስገባነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ክፋት ሳይኖርበት «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ጥሩ ነበር» አለ። ሳምንት አልሞላም፣ አረፈ።

ሶፋው የመጣው ከሠልስቱ በኋላ ነው፤ አናጢው ለቅሶ መኖሩን ሳይሰማ በጋሪ ጭኖ ድንኳኑ ፊት አቆመው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እናቴ ገብቶ እንዲቀመጥ አደረገች፤ ላስቲኩን ግን ዕድሜ ልኳን አላነሣችለትም። ኋላ እኔ ጋ መጥታ ስትኖር እንኳ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ትልና ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ ትቃኛለች፤ የጎደለ እንዳለ ለማየት ነው። ታደለ ዛሬ የለም። እስኪሞት ድረስ የሶፋውን ነገር አንሥቶብኝ አያውቅም። ብቻ አንድ ጊዜ፣ ከተጋባን ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ሸሚዙን እየቆለፈ «ያን ሰኞ ብትነግሪኝ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ተወው። እኔም ጨርስ አላልኩትም።

ይህን ሁሉ ከቡራዩ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ለሰናይት ነገርኳት። በእርጋታ ሰማችኝ፤ እጄንም ያዘችኝ። «ያ ጊዜ ሌላ ነበር እማ። እኛ ደግሞ አልተዋስንም፣ ገዝተን ነው» አለች። የመረጥነው ኤል ሼፕ ሶፋ መጣ። አሮጌውን ለማን እንደሰጡት አልጠየቅሁም። አዲሱ ደረጃው ጠቦት ሲገፋ ሲጎተት የፎቁ ሰው በሩን ከፍቶ አየ፤ ፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤቴ «ውይ ሲያምር፣ ይባርክላችሁ» አለችኝ። ይህን ሁሉ ያየሁ፣ ይህን ሁሉ የማውቅ ሴትዮ ደስ አለኝ። ልደብቀው አልችልም፤ ደስ አለኝ። ገብቼም ዳር ዳሩን በመዳፌ ዳሰስኩት።

አባቴ የተቀበረበትን ዕለት ብዙውን አላስታውስም። አንድ ነገር ግን አልረሳውም። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ድንኳኑ በሰው ተሞልቷል፤ የሰበታ ሰው፣ የተጂ ሰው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው ሁሉ መጥቷል። እናቴ ድምጿ እስኪዘጋ አልቅሳ፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ተቀምጣለች። በዓይኗ ጠራችኝ። ስለ አባቴ አንድ ነገር ልትለኝ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩላት። ጆሮዬን ወደ አፏ ሳበችና በሹክሹክታ «ባልሽ የት ተቀመጠ?» አለችኝ።

አሻግሬ አየሁ። «መሬት ላይ ነው እማዬ፣ ከኦቦ ገመዳ ጋር» አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች። «ውይ፣ ምን ይለን ይሆን» አለች፤ እንደገናም አለቀሰች። ሰዎቹ ለአባቴ የምታለቅስ መስሏቸው አብረው አለቀሱላት።